ሰባት ዶሮ ለአንድ ሌቭል፦ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን ለሚጀምር ሰው

ጾም ይዤ ላም ስገድል እናቴ ያዘችኝ። ሁዳዴ ነበር። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስደግፌ፣ ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በሚባለው የኢንተርኔት ጌም ውስጥ ላምብሪጅ የሚባለው ከተማ አጠገብ ካለው የላም በረት ገብቻለሁ። አንዷ ወደቀች። አጥንቷን ቀበርኩ። ለካ እናቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

«አንቺ ልጅ፣ በሁዳዴ ላም ታርጃለሽ?»

«አልበላኋትም እኮ እማዬ።»

«ታዲያ ካልበላሻት ምን አድርጋሽ ገደልሻት?»

መልስ አጣሁ። ኤክስፒ፣ ያ ችሎታ የሚያሳድገው የልምድ ነጥብ፣ ምን እንደሆነ ለእናቴ ማስረዳት አቃተኝ። ለእናንተ ግን ልሞክር።

ባሕር ዳር፣ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጠዋትና የምሳ ሰዓት ላይ ሰው ይበዛል። ከዚያ ውጭ ዝንብ ነው የማባርረው። ጌሙን ያስለመደኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ስንደዋወል «እስቲ ይሄን አውርጂው፣ ለአንቺ ሱቅ የተሠራ ጌም ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

ሩንስኬፕ ድሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የሚሠራው ጃጌክስ የሚባል፣ ካምብሪጅ እንግሊዝ ያለ ኩባንያ ነው። ጌሙ እየተለወጠ ሲሄድ ተጫዋቹ «የድሮውን መልሱልን» ብሎ ጮኸ። እነሱም በ2007 ዓ.ም. በፈረንጆቹ የተቀመጠ ቅጂ አግኝተው በ2013 «ኦልድ ስኩል» ብለው ከፈቱት። በ2018 መጨረሻ አካባቢ ስልክ ላይ መጣ። በስልክ የጀመራችሁትን በኮምፒውተር መቀጠል ይቻላል፤ አካውንቱ አንድ ነው። ሥዕሉ ያረጀ ነው፣ ሰዎቹ ከካርቶን የተቆረጡ ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት የእኔ ስልክ እንኳን አይጨናነቅበትም።

ከዚህ በፊት የተኩስ ጌሞችን ሞክሬ ነበር። ጠላቴን ገና ሳየው እሱ እኔን ገድሎኝ ሄዷል። ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረም፤ ከእኔ ስልክ እንግሊዝ አገር ሰርቨር (ጌሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ድረስ ደርሶ መልሱ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። እዚህ ጌም ውስጥ ግን ጊዜ የሚቆጠረው በቲክ ነው። አንድ ቲክ 0.6 ሰከንድ ነው፣ ማለትም 600 ሚሊ ሰከንድ። ማንም ቢሆን፣ ለንደን የተቀመጠውም ባሕር ዳር ያለውም፣ በአንድ ቲክ ውስጥ ያዘዘው ነገር የሚፈጸመው ቲኩ ሲመታ ነው። የኔ ትእዛዝ ተንገዳግዶም ቢሆን ይደርሳል። ፈጣን ጣት ያለው ሰው እዚህ ብዙ አይጠቀምም። የሚጠቀመው አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነው። ሰርቨር ስትመርጡም፣ ዝርዝሩ ውስጥ እንግሊዝ ወይም ጀርመን የተጻፈበትን ያዙ፤ አሜሪካና አውስትራሊያ ለኛ ሩቅ ናቸው። እኔና የአክስቴ ልጅ አብረን ስንጫወት እሱ ነው ወደ እንግሊዙ የሚመጣልኝ።

ከመምታታችሁ በፊት ሁለቱን ሰይፎች ንኩ

ጌሙ ሲጀምር ቱቶሪያል አይላንድ ላይ ያሳርፋችኋል። እዚያ ያሉት አስተማሪዎች የሚሉትን አንብባችሁ እለፉ። ከዚያ ላምብሪጅ ትገባላችሁ፤ ከዚህ በኋላ «ይህን አድርግ» የሚላችሁ ሰው የለም።

ስክሪኑ ላይ ሁለት የተጠላለፉ ሰይፎች ያሉበት ምልክት አለ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእጅ መሣሪያ ስትዋጉ የሚያድጉ ሦስት ነገሮች አሉ። አታክ ምን ያህል ጊዜ እንደምታገኙት ይወስናል፤ ምን ዓይነት መሣሪያ መያዝ እንደምትችሉም እሱ ነው የሚፈቅደው። ስትሬንግዝ ስታገኙት ምን ያህል እንደምትጎዱት ነው። ዲፌንስ ደግሞ እናንተን እንዳያገኟችሁ ነው፤ የብረት ልብስ የሚያስለብሰውም እሱ ነው። የትኛው እንደሚያድግ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ በዚያች የሰይፍ ምልክት ውስጥ። «አኪዩሬት» ካላችሁ አታክ ያድጋል። «አግሬሲቭ» ካላችሁ ስትሬንግዝ። «ዲፌንሲቭ» ካላችሁ ዲፌንስ። አንዳንድ መሣሪያ ላይ ለሦስቱም የሚያካፍል አራተኛ አማራጭ አለ።

እኔ የጋሻ ነገር ሳይ ደስ አለኝ። መከላከል ማን ይጠላል? ሁለት ሳምንት ሙሉ ዲፌንሲቭ ላይ ትቼው ስደበድብ ከረምኩ። ዲፌንሴ 20 ሲገባ አታኬና ስትሬንግዜ መሬት ላይ ነበሩ። ማንም አይጎዳኝም፣ እኔም ማንንም አልጎዳም። ከአንዲት ላም ጋር ቆመን እንተያያለን። ለአክስቴ ልጅ ፎቶ አንስቼ ስልክለት ሳቁ አላስጨርሰኝ አለ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የምመክረው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አታክን ቀጣዩን መሣሪያ እስክትይዙ ድረስ አሳድጉ። ከዚያ ወደ ስትሬንግዝ ዙሩና ከአታክ አስበልጡት። ዲፌንስ ሦስተኛ ነው። በቶሎ የገደላችሁት ጠላት ብዙ አይመታችሁም።

ሂሳቡን ልንገራችሁ፤ እኔ ሂሳብ ስለምወድ ነው። አንድ ነጥብ በጎዳችሁ ቁጥር 4 ኤክስፒ የመረጣችሁት ችሎታ ላይ ይገባል። በተጨማሪ 1.33 ያህል ሂትፖይንትስ ላይ ይገባል፤ ይህ የደማችሁ መጠን ነው፣ ከ10 ይጀምራል። አንዲት ዶሮ 3 ደም አላት። ስለዚህ 12 ኤክስፒ ትሰጣለች። ከሌቭል 1 ወደ 2 ለመግባት 83 ኤክስፒ ያስፈልጋል። ሰባት ዶሮ ማለት ነው። ላም 8 ደም አላት፣ 32 ኤክስፒ። ሌቭል 20 ለመግባት 4,470 ያስፈልጋል፤ በላም ከሄዳችሁ 140 ላም። ሌቭል 40 ደግሞ 37,224 ነው። የመጨረሻው ሌቭል 99 ሲሆን 13,034,431 ይጠይቃል። ሌቭል 92 ስትገቡ ገና ግማሹ ላይ ናችሁ። አዎ፣ ግማሹ። ይህን የሰማሁ ቀን ስልኬን ዘግቼ ሻይ ጠጣሁ።

ዶሮዎቹም ላሞቹም ከላምብሪጅ ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ ታገኟቸዋላችሁ። አጥንቱን አትተዉ፣ ቅበሩት። ፕሬየር የሚባለው ችሎታ በዚያ ነው የሚያድገው። አንድ ተራ አጥንት 4.5 ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ግን ጠብ ሲል ስደፍን ዓይነት ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ይጠራቀማል። ፕሬየር 4 ላይ ስትሬንግዝን በ5 በመቶ የሚያሳድግ ጸሎት ይከፈታል። 13 ላይ በ10 በመቶ የሚያሳድገው፣ 31 ላይ በ15። የዶሮዋን ላባም አንሡት። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቆልማማው ጎራዴ

ከጀማሪ መሣሪያ ሁሉ የምመርጠው ሲሚታርን ነው። ቆልመም ያለ ጎራዴ ነው። በየ4 ቲኩ፣ ማለትም በየ2.4 ሰከንዱ ይመታል። ሎንግሶርድ የሚባለው ረጅሙ ሰይፍ 5 ቲክ ይፈጅበታል። በሁለት እጅ የሚያዘው ትልቁ ሰይፍ 7 ቲክ፣ 4.2 ሰከንድ። ትልቁ ሰይፍ ሲታይ ያስፈራል። ለዶሮ ግን ምን ይሠራል? አንዴ አንሥታችሁ እስክታወርዱ ዶሮዋን ሌላ ሰው ገድሏታል።

ሲሚታር የሚሸጥ ሱቅ አል ካሪድ የምትባል የበረሃ ከተማ ውስጥ አለ። ከላምብሪጅ ወደ ምሥራቅ ናት። እኔ መጀመሪያ ስገባ በሩ ላይ 10 ሳንቲም ቀረጥ ከፍያለሁ። ባለሱቁ ዚክ ይባላል። የነሐስ፣ የብረት፣ የስቲልና የሚትሪል ሲሚታር አለው። ስቲሉ 400፣ ሚትሪሉ 1,040 ሳንቲም ነው። ስቲል ለመያዝ አታክ 5 ያስፈልጋል፣ ሚትሪል 20፣ አዳማንት 30፣ ሩን 40፤ እነዚህ ሦስቱ ጌሙ ውስጥ ያሉ የብረት ዓይነቶች ናቸው። አዳማንትና ሩኑን ግራንድ ኤክስቼንጅ ከሚባለው የቫሮክ ከተማ ገበያ ከሌላ ተጫዋች ትገዛላችሁ። የመጀመሪያ ደረጃዎቹ ላይ ሳንቲም ሳታባክኑ ዝለሉ፤ የነሐስና የብረት ሲሚታር የሚያገለግላችሁ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው።

አታክን ወደ 20 የሚያደርስ አቋራጭ አለ። ቫምፓየር ስሌየር የሚባል ኩዌስት (ጌሙ የሚሰጠው ተልእኮ) ነው፣ ድሬይኖር መንደር ውስጥ ይጀመራል። ሲያልቅ 4,825 የአታክ ኤክስፒ ይሰጣል። ከሌቭል 1 አንሥቶ 20 ያስገባል። በላም ብትሄዱ ያንን 140 ላም አስቡት። ጠላቱ የጥንት ቤት ምድር ቤት ውስጥ በሬሳ ሣጥን የተኛ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) ነው፣ ሌቭሉ 34። ነጭ ሽንኩርት ቦርሳችሁ ውስጥ ካለ ይደክማል። ቫሮክ መጠጥ ቤት ያለ አንድ ሽማግሌ ዶክተር ቢራ ስትገዙለት ቫምፓየሩ ላይ የሚተከለውን ሹል እንጨት ይሰጣችኋል። የኛ ሽማግሌ ቢሆን ጠላ ነበር የሚለው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ መዶሻ ያዙ። እኔ ነጭ ሽንኩርቱን ይዤ፣ እንጨቱን ይዤ፣ አሥር የሚሆን የበሰለ ሥጋ ይዤ ገባሁ። አሥር ደቂቃ ታገልኩት። ደሙ ዜሮ ሊገባ ሲል እንጨቱን በደንብ መግፋት አልቻልሽም የሚል ጽሑፍ መጣ። መምቻ የለኝማ! እሱ ደሙን መልሶ ሞላ፣ የኔ ሥጋ አለቀ። ሞትኩ። መዶሻ በየሱቁ በጥቂት ሳንቲም ይሸጣል።

ስንቅ

ውጊያ ውስጥ ምግብ ማለት ደም ነው። አንድ ጊዜ ስትበሉ ምታችሁ በ3 ቲክ ይዘገያል። ስለዚህ 3 ደም ብቻ የሚመልስ ሽሪምፕ አሥር ጊዜ ከመብላት 9 የሚመልስ ሳልሞን ሦስት ጊዜ መብላት ይሻላል። እየበላችሁ አትመቱማ። ቦርሳው ደግሞ 28 ቦታ ብቻ ነው ያለው። ስንቅ የማያውቅ መንገደኛ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እዚህም ያው ነው።

ብዙ ጀማሪ «እኔ ውጊያ ነው የምፈልገው፣ ዓሣ ማጥመድ ምን ያደርግልኛል» ይላል። ወንድሜ እንደዚያ ነበር። አንድ ሳምንት ሳይሞላው ተሰላችቶ ተወው። ምግብ ለመግዛት ሳንቲም የለውም፣ ሳንቲም ለማግኘት ጠንካራ ጠላት መግደል አለበት፣ ጠንካራ ጠላት ለመግደል ምግብ ያስፈልጋል። የሄደበት ሁሉ ዞሮ ያው ላም በረት ነው።

መውጫው ያ የዶሮ ላባ ነው። መጀመሪያ በትንሽ መረብ ሽሪምፕ አጥምዱ፤ በሌቭል 1 ይጀመራል። ከላምብሪጅ ወደ ደቡብ ረግረጉ ጋ፣ ወይም ድሬይኖር ዳር። ፊሺንግ 20 ስትገቡ መረቡን ትታችሁ ባርቤሪያን ቪሌጅ ወደሚባለው መንደር ሂዱ። ወንዝ አለ። ፍላይ ፊሺንግ ሮድ የሚባል ዘንግ ይያዛል፤ ማጥመጃው ምን ይመስላችኋል? ላባ ነው። ያ ስታነሡት የነበረው የዶሮ ላባ። በአንድ ላባ አንድ ዓሣ። ትራውት ትይዛላችሁ፤ 7 ደም ይመልሳል፣ ለማብሰል ኩኪንግ 15 ይጠይቃል። ፊሺንግ 30 ላይ ሳልሞን እዚያው ይመጣል፤ 9 ደም፣ ኩኪንግ 25። በዚያው ዛፍ ቆርጣችሁ እሳት አንድዱ፣ ዉድካቲንግና ፋየርሜኪንግ አብረው ያድጋሉ። በአንድ ከሰዓት አራት ችሎታ ታሳድጋላችሁ፣ ባንካችሁም (የዕቃ ማስቀመጫችሁ) ምግብ ይሞላል።

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይሄ ክፍል ዕረፍት ነው። ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ እንደሚቀመጠው ዓይነት። አንድ ጊዜ ወንዙን ነክቼ አሥር ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ እመለሳለሁ። ዓሣው ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ይቃጠላል፣ አትናደዱ። ሽሪምፕ እንኳን ማቃጠል የሚያቆመው ኩኪንግ 34 አካባቢ ነው። ላምብሪጅ ግንብ ውስጥ ያለው ወጥ ቤት ምድጃ ከእሳት ይሻላል። ግን ባለቤቱ ወጥ ሠሪ እንዲፈቅድላችሁ ኩክስ አሲስታንት የሚባለውን ኩዌስት ሥሩ። እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት አምጡለት፣ በቃ። 300 የኩኪንግ ኤክስፒም ይመርቃል።

ጥቁር ጠንቋዮች ጉዳይ

ከላምብሪጅ ወደ ቫሮክ ስትሄዱ፣ ከተማው ሳትደርሱ በስተደቡብ የድንጋይ ክብ አለ። ዙሪያውን ጥቁር የለበሱ ጠንቋዮች ይንጎራደዳሉ። አጠገባቸው ከቀረባችሁ ሳትነኳቸው ይነኳችኋል። እኔ ያን ቀን አዲስ የብረት ልብስ ገዝቼ ከራስ እስከ እግር ተከናንቤያለሁ። ማን ይነካኛል ብዬ በመካከላቸው አለፍኩ። ከሩቅ በድግምት ለቀለቁኝ። የብረት ልብሴ ምንም አልጠቀመኝ።

ለምን? ጌሙ ውስጥ ሦስት ማዕዘን አለ። በእጅ የሚዋጋ፣ በብረት የተሸፈነ ሰው ቀስተኛን ያሸንፋል። ቀስተኛ ጠንቋይን ያሸንፋል። ጠንቋይ ደግሞ ባለ ብረቱን ያሸንፋል። ብረት ድግምትን አይመልስም፤ ይባስ ብሎ ብረት ለብሳችሁ ማጂክ ብትሞክሩ የራሳችሁ ድግምት ይከሽፋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ማጂክ ስትሞክሩ ብረቱን አውልቁ።

ጀማሪ ሦስቱንም እንዲነካካ እመክራለሁ። ላምብሪጅ ውስጥ ያሉት አስተማሪዎች የመለማመጃ ቀስትና ጥቂት ሩን በነጻ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ሩን ማለት የጎራዴው ብረት ሳይሆን ድግምት የሚጣልበት ድንጋይ ነው። መጀመሪያ የምትጥሉት ዊንድ ስትራይክ አንድ የአየርና አንድ ማይንድ የሚባል ሩን ይበላል። ትንሽ ሳንቲም ስታገኙ ቫሮክ ካለው የበትር ሱቅ የአየር በትር ግዙ፤ 1,500 ሳንቲም ነው። በትሩን እስከያዛችሁ ድረስ የአየር ሩን አያስፈልጋችሁም። ወጪያችሁ ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

በቀስትና በማጂክ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም መደበቂያው ነው። ጠላትና እናንተ መካከል አጥር፣ ድንጋይ ወይም ዛፍ አስገቡ። ጠላቱ ዞሮ መምጣት አያውቅበትም፤ በቀጥታ ሊመጣ ይሞክርና ይቆማል። እናንተ ከማዶ ትመታላችሁ። ይሄን ተጫዋቾች ሴፍስፖት ይሉታል። ማጭበርበር አይደለም፣ ሁሉም ያደርገዋል።

አሥር ሺህ ሳንቲም ከነምክሩ

ባርቤሪያን ቪሌጅ መሃል መሬት ውስጥ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ። ስትሮንግሆልድ ኦፍ ሴኪዩሪቲ ይባላል። አራት ፎቅ ወደ ታች ነው። በሮቹ ሲከፈቱ ስለ አካውንት ደኅንነት ይጠይቃሉ፦ የይለፍ ቃልህን ጓደኛህ ቢጠይቅህ ትሰጣለህ? የጌሙ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ቢመጣስ? በየፎቁ መጨረሻ ሽልማት አለ። 2,000፣ ከዚያ 3,000፣ ከዚያ 5,000 ሳንቲም፣ በአራተኛው ደግሞ ጫማ። ለጀማሪ 10,000 ሳንቲም ሀብት ነው። ታች ያሉት ጠላቶች ይከብዳሉ። ግን እነሱን መግደል ግድ አይደለም፤ ምግብ ይዛችሁ ሮጣችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

ጥያቄዎቹን እንደ ቀልድ አትለፏቸው። ሳንቲሙን ይዤ ገበያ በገባሁ በዚያው ቀን አንድ ሰው «የሰጠሽኝን እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» አለኝ። 500 ሰጠሁት፣ 1,000 መለሰልኝ። ደግ ሰው! 8,000 ሰጠሁት። ጠፋ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ከልጅነቴ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ጌም ውስጥም ይሠራል ብዬ አላሰብኩም። አንድ ሌላም አለ፦ «ነይ ብዙ ሳንቲም ያለበት ቦታ ላሳይሽ» ብሎ ወደ ሰሜን የሚወስድ። ኤጅቪል ከሚባለው መንደር በስተሰሜን ያለችውን ቦይ ከዘለላችሁ ዋይልደርነስ ገባችሁ። እዚያ ሌላ ተጫዋች ሊገድላችሁና ዕቃችሁን ሊወስድ ይችላል። ጀማሪ እዚያ ጉዳይ የለውም።

ግዙፎቹ፣ መብራቱ

አታክና ስትሬንግዝ 30 አካባቢ ሲገቡ ከላም በረት ውጡ። እኔ የሄድኩት ኤጅቪል ሥር ወዳለው ዋሻ ነው፣ ሂል ጃይንት የሚባሉት ግዙፎች ጋ። ሌቭላቸው 28፣ ደማቸው 35። አንዱ 140 ኤክስፒ ነው፤ የአራት ላም ያህል። ትልልቅ አጥንት ይጥላሉ፤ አንዱ ሲቀበር 15 የፕሬየር ኤክስፒ ይሰጣል። ሄልሜት፣ የብረት ልብስ፣ ጋሻ፣ ሲሚታር፣ ቀሪው ቦርሳ ትራውት። ዋሻው ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ወደ ዋይልደርነስ ስለሚገባ በሩን ሳታዩ አትለፉ።

ደማችሁ ግማሽ ሲሆን ብሉ። ሲያልቅ አይደለም። ቦርሳችሁ ውስጥ ሦስት ዓሣ ሲቀር ውጡ። ነጻው የመመለሻ ቴሌፖርት (በድግምት ወደ ላምብሪጅ መመለሻው) ጊዜ ይፈጃል፤ እየተመታችሁ ከሆነ ይቋረጣል። ውጊያ ካቆመ 10 ሰከንድ ሳይሞላም ሎግ አውት (ከጌሙ መውጣት) አይፈቅድም። ያኔ የሚያድናችሁ እግራችሁ ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከሦስት ግዙፍ ጋር ተያይዤ ሳለሁ መብራት ሄደ። ዋይፋዩ አብሮ ሄደ። የሞባይል ዳታዬን እስክከፍት፣ ገጸ ባሕሪዬ እዚያው ቆማ ስትመታ ነበር። ግንኙነት ሲቋረጥ ውጊያ ላይ ያለ ሰው ወዲያው ከጌሙ አይወጣም። ስመለስ ላምብሪጅ ቆሜያለሁ። ሞቻለሁ።

ስትሞቱ አትደናገጡ። በጣም ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎቻችሁ አብረዋችሁ ይቀራሉ። የተቀረው የሞታችሁበት ቦታ ላይ በተተከለ መቃብር ውስጥ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። ባንክ ግቡ፣ ጥቂት ምግብ ያዙ፣ ሮጡ። ካልደረሳችሁ ዕቃው ወደ ሞት ቢሮ ይሄዳል፤ ከፍላችሁ ታስመልሳላችሁ። ሞት ራሱ ጥቁር ካባውን ለብሶ ክፍያ ይቀበላል። ከዚያ ወዲህ መብራት የሚሄድበት ሰዓት ሲቀርብ ግዙፍ ጋ አልሄድም፣ ዓሣ አጠምዳለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በነጻ የሚገኝ ነው። ነጻው ክፍል ውስጥ 15 ችሎታ አለ፤ ሌላው ለሚከፍሉ አባላት ነው። እኔ እስካሁን አልከፈልኩም። ፕሬየሬ 43 ሲገባ አስባለሁ፤ 43 ላይ በእጅ የሚመታ ጠላትን የሚከላከል ጸሎት ይከፈታል። 50,339 ኤክስፒ ነው፣ ከግማሽ በላይ ቀብሬያለሁ።

ሱቅ ሲበዛብኝ ደግሞ ከድሬይኖር በስተደቡብ ወዳለው የጠንቋዮች ግንብ እወጣለሁ። የላይኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰይጣን በፍርግርግ ታስሯል፣ ሌቭል 82። እሱ መውጣት አይችልም። እኔ ከውጭ ሆኜ ድግምት እጥልበታለሁ። በቀስት አትሞክሩት፤ ፍላጻው ፍርግርጉ ውስጥ ይቀርና በእጃችሁ ማንሣት አትችሉም። በማጂክ ግን በትሩን ይዛችሁ አንዴ ነክታችሁት ሥራችሁን መሥራት ነው። የፈተና ሰሞን፣ ተማሪው በር ላይ ተሰልፎ፣ እኔ ወረቀት እየቆጠርኩ፣ ሰይጣኑ ከጎኔ ሲጮህ ይውላል። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፤ እናቴ ከሰማች ጸበል ነው የምትወስደኝ።